ማስተካከያ፦ መንኮራኩር ስላለ ብቻ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አይባልም

ባለፈው ሳምንት ለደብረ ብርሃን የንባብ ቡድናችን የተበተነው ወረቀት «መንኮራኩር ካለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ፣ አስማት ካለ ፋንታሲ» ይላል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ፈረንሳዊው ደራሲ ዡል ቬርን እ.ኤ.አ. በ1865 ባወጣው መጽሐፍ ሰዎቹን ወደ ጨረቃ የላካቸው በመድፍ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1901 ባወጣው መጽሐፍ ለጨረቃ ተጓዦቹ የመሬትን ስበት የሚጋርድ ቁስ ፈጠረላቸው። ቬርን አልተዋጠለትም። «እኔ በፊዚክስ እሠራለሁ፣ እሱ ግን ከራሱ ይፈጥራል» ብሎ ዌልስን ወቀሰው። የራሱ የቬርን መድፍ ቢሆን ግን ተሳፋሪዎቹን ገና ሲተኮስ ይጨፈልቃቸው ነበር! ታዲያ ሳይንሱ የቱ ጋ ነው?

ወረቀቱ «የሁጎ ሽልማት ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ ብቻ ነው» የሚለውም ይታረም። ይህ ሽልማት ለፋንታሲም ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በልብ ወለድ ዘርፍ ያሸነፈው በአስማት የተሞላው አራተኛው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ነው።

ይልቅ ደራሲው ተአምሩን በምን እንደሚያስረዳ እዩ። ከአንኮበር ገደል ወደ አፋር ቆላ የሚበር ሰው አለ እንበል። ታሪኩ ስለ ክንፉ አሠራርና ስለ ነፋሱ ካወራ ወደ ሳይንሱ ያደላል። በመተት ከበረረ ፋንታሲ ነው። ሁለቱም ካሉበት ተከራከሩበት፤ እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን እመርጣለሁ።

ለቅዳሜው ውይይት የድሮውን ወረቀት ይዛችሁ እንዳትመጡ።