ጭቃውን ለዞሩ ጀግኖች የቀረበ ምስጋና

ምስጋና ለሚገባው ይድረስ። ይህ ሰው አራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጥርሱ የሰላ ጎማ የተገጠመለት መኪና ገዝቷል። የገዛው ጭቃ ለመግባት እንደሆነ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል። ከአሜሪካ የሕዝብ ደኖች ወደ አንዱ ገብቶ፣ በዱካው መካከል አንድ ስንዝር ውሃ የቋጠረ ማጥ ሲገጥመው ግን እግሯ እንዳይርስ እንደምትጠነቀቅ ድመት ሣሩን ረግጦ በጠርዙ ይዞራል። ቀለሙ እንዳይቆሽሽ ነው ብለው የሚያሙት አሉ። ምቀኞች ናቸው። ሰውየው መንገድ እያሰፋ ነው።

ያውም በነጻ። የደን መሥሪያ ቤት አንድ ዱካ ለማስፋት ጥናትና በጀት ይፈልጋል፤ ለእሱ አንድ ዝናብና አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የማጡ መካከል አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ተጠቅጥቆ የጠነከረ ወለል አለው፤ ጠርዙ ግን ገና ያልተረገጠ ለስላሳ አፈር ነው። መኪናው ጠርዙ ላይ ሲወጣ አየርና ውሃ የሚያልፉባቸውን የአፈር ቀዳዳዎች ይጨፈልቃቸዋል። የጥቅጠቃው ዋናው ክፍል የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምልልሶች ስለሆነ፣ ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ቢደክም ቢደክም እሱን አይስተካከለውም። ፈር ቀዳጅ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ፈር ሲቀድ በዓይናችን አይተናል። ከዚያ ውሃው መስረጊያ ያጣና ይቋጠራል፣ ጠርዙም በተራው ማጥ ይሆናል፣ ሁለተኛው ጀግና የጠርዙን ጠርዝ ይዞራል። አንድ መኪና ብቻ ያሳልፍ የነበረው ዱካ ሰፊ የጭቃ ሜዳ ሆኖ ያርፋል። መካከሉ ላይ ሁለት ሦስት ቁጥቋጦ ለጌጥ ይቀራል።

ፈሪዎች ሌላ ዘዴ አላቸው። ይቆማሉ፣ ይወርዳሉ፣ ጥልቀቱን በእንጨት ይለካሉ። ጎማው መሬቱን ሰፋ አድርጎ እንዲይዝ፣ እንደ መኪናው ክብደት፣ ነፋሱን ከ35 ወደ 20 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ) ገደማ ያስተነፍሱታል። ከዚያ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብተው፣ ቤንዚኑን ሳያስጮሁም ሳይቆርጡም፣ በመካከሉ ቀጥ ብለው ያልፋሉ። አስፋልት ሲደርሱ ነፋሱን መልሰው ይሞላሉ፤ የተነፈሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ግሎ ይፈነዳልና። ጥልቀቱ ካላማራቸው ደግሞ ይመለሳሉ። መመለስ! ስማቸውን ማንም የማያውቀው ለዚህ ነው።

ጀግናችን ዳገት ላይም አይታማም። ዱካ የሠሩት ሰዎች የዝናቡን ውሃ ወደ ጎን የሚያወጣ ጉብታ እዚህም እዚያም ያበጃሉ። እሱ የጉብታውን ጫፍ ይሸርፋል፤ ውሃውም የጎማውን ቦይ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፣ ቦዩ ገደል ያክላል፣ ደለሉ ወንዝ ይገባል። ደለል ዓሦች እንቁላላቸውን የሚጥሉበትን ጠጠር ሲሸፍነው እንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታል። ከዓሦቹ በኩል እስካሁን የቀረበ ቅሬታ የለም።

ማጡ ያሸነፈው ዕለት ዊንቹ፣ ማለትም ካቦ እየጠቀለለ መኪናውን ከማጥ የሚጎትተው መሣሪያ፣ ይወጣል። ግንዱ እንዳይላጥ የሚታሰረውን ሰፊ ቀበቶ ለፈሪዎቹ ትቶ የብረት ካቦውን በቀጥታ ግንዱ ላይ ይጠመጥማል። የዛፍ ምግብ የሚተላለፈው ከቅርፊቱ ሥር ስለሆነ፣ ካቦው ዙሪያውን ከላጠው ዛፉ ይደርቃል። የደረቀውም ውሎ አድሮ ዱካው ላይ ይወድቅለትና ሌላ የሚዞረው ነገር ያገኛል።

ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ ስለሚያወልቀው ወንድሙ አጭር ቃል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የጩኸቱ ጣሪያ 96 ዴሲቤል ነው፤ የሚለካውም ከጭስ ማውጫው አፍ ግማሽ ሜትር ርቆ፣ በ45 ዲግሪ ገደድ ብሎ ነው። ወንድማችን ግን ሞተሩ ጉልበት እንዲጨምር ብሎ ድምፅ ማፈኛውን ከነብልጭታ መያዣ ወንፊቱ አውልቆ ጥሎታል። ጉልበቱ መጨመሩን እሱ ይመሰክራል፤ ጩኸቱ መጨመሩን ከተራራው ወዲያ ያለው ነዋሪ በአቤቱታ ይመሰክራል። ብልጭታውንም ደረቁ ሣር ይቀበለዋል።

የሕጉን ነገር ካነሣን፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በትዕዛዝ ቁጥር 11644 ለእነዚህ ተሽከርካሪዎች ክፍትና ዝግ የሆነው ቦታ ተለይቶ እንዲታወቅ አዘዙ። በ1977 ፕሬዚዳንት ካርተር በትዕዛዝ ቁጥር 11989 ብርቱ ጉዳት የደረሰበት ቦታ ወዲያውኑ እንዲዘጋ ጨመሩበት። የ2005ቱ የደን መሥሪያ ቤቱ ደንብ ደግሞ ነገሩን ገለበጠው፤ የክፍት ዱካዎቹ ምርጫ ተጠናቆ ካርታው ከወጣ በኋላ፣ ካርታው ላይ ክፍት ተብሎ ያልተመለከተ ሁሉ ዝግ ነው። ካርታው በነጻ ይታደላል፤ «ምልክት አላየሁም» ማለትም አያድንም። ጀግናችን በእርግጥ ምልክት አላየም። ምልክቱ ባለፈው ቅዳሜ ማገዶ ሆኗል።

መሥሪያ ቤቱ ስለ ዱካዎቹ የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅ የሚጽፉት እነዚያው ፈሪዎች ናቸው፤ የዱካውን ቁጥር፣ የትኛው መሻገሪያ ድልድይ እንደሚያሻው፣ የትኛው ቅዳሜ አካፋ ይዘው እንደሚመጡ ሳይቀር ይዘረዝራሉ። እሱ በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ ነው። ዱካው ሲዘጋ ግን ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ከሁሉ በላይ ይጮኻል። «የሕዝብ መሬት ነው! በሕዝብ መሬት ላይ በር?» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። በመካከል ያለፈውም በጠርዝ የዞረውም ከአንድ የብረት በር ፊት ቆመዋል፤ ፈሪው ካርታውን አውጥቶ ሌላ ክፍት ዱካ ይፈልጋል።

ጀግናው ከመኪናው ወረደ። በበሩ ምሰሶና ከጎኑ ባለው ዛፍ መካከል ያለውን ክፍተት በእርምጃ ለካው። ሁለት እርምጃ ከግማሽ ነው፣ ያሳልፋል። ሣሩም ገና አልተነካም።