22 ዓመት የሚጠብቅ ቦርድ ያለው ክለብ ካለ ንገሩኝ

ሰሞኑን ደግሞ አገር ቤት አንዱ የእግር ኳስ ክለባችን ከአሰልጣኙ ጋር "በስምምነት ተለያየ" ሲባል ሰምቼ ደሜ ፈላ። የምን ስምምነት? ሰውየው ራሱ እንደኔው ከሬዲዮ ነው የሚሰማው እኮ! ሦስት አቻ፣ አንድ ሽንፈት፣ ደጋፊ ጮኸ፣ ቦርዱ ተሰበሰበ፣ በቃ። ከዛ ያልተከፈለውን ደሞዝ ለማስከበር ፌዴሬሽን ደጅ ሲጠና ይከርማል።

እኔ ያለሁት ኢሊኖይ ነው፣ ጆሊየት አካባቢ። እዚህ ጎርዲ ጊሌስፒ የሚባል የቤዝቦል ኮች ነበር፣ በ2015 በ88 ዓመቱ ነው ያረፈው። ቤዝቦል እንኳን ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰው ምራቁን ሲተፋ የሚታይበት ጨዋታ ነው፣ እሱን ተዉት፣ የሰውየውን ሥራ ግን እዩልኝ። በ1953 ሉዊስ የሚባል ትንሽ ኮሌጅ ጀመረ፣ እዛው 24 ሲዝን። ቀጥሎ ሴንት ፍራንሲስ 19፣ ቀጥሎ ዊስኮንሲን ውስጥ ሪፖን ኮሌጅ 10፣ ከዛ ሴንት ፍራንሲስ ተመልሶ 6። በ2011 ሲያበቃ 59 ሲዝን፣ 1,893 ድል! የኮሌጅ ቤዝቦል ሪከርድ ነበር፣ በ2014 የቴክሳሱ ኦጊ ጋሪዶ እስኪሰብረው ድረስ።

እኔን ያንገበገበኝ ግን 1,893ቱ አይደለም። ሰውየው የትንንሾቹን ኮሌጆች፣ የኤንኤአይኤን ዋንጫ መጀመሪያ ያነሳው በ1974 ነው። የጀመረው በ1953! 22ኛ ሲዝኑ ላይ ማለት ነው። ከዛማ 75ንም 76ንም ደገመው፣ በ1993 ከሴንት ፍራንሲስ ጋር አራተኛውን አመጣ። እኛ ጋ 22 ዓመት የሚጠብቅ ማነው? በ22 ዓመት ውስጥ እንኳን ቦርዱ ክለቡም ይፈርሳል።

የብሔራዊ ቡድናችን አሰልጣኝ የነበረው ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አሳለፈን፣ በ2013 በፈረንጅ፣ እንዴት እንዳበድን ታስታውሳላችሁ። በዛው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ከናይጄሪያ ጋር እስከ መጨረሻው ማጣሪያ ደረሰ። 2014 ገባ፣ ቻን ላይ (በየአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት የአፍሪካ ውድድር) ተሸነፍን፣ ሰውነት ተሰናበተ። አለቀ።

እዚህም ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጋ ኮች ይባረራል፣ ያውም ሚሊዮን ዶላር ካሳ ታቅፎ ነው የሚወጣው። ትንሹ ኮሌጅ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጊሌስፒ ራሱ ቤዝቦሉን ይዞ ጎን ለጎን ጆሊየት ካቶሊክ ሃይስኩል የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ያሰለጥን ነበር፣ 5 የስቴት ዋንጫ፣ 4ቱ በተከታታይ። የልጄ የኮሌጅ ቤዝቦል ኮች ደግሞ ሜዳውን በሬክ የሚያስተካክለው እሱ፣ ኖራውን የሚያሰምረው እሱ፣ ቫኑን የሚነዳው እሱ፣ በሱ ላይ ክላስ ያስተምራል። የኛዎቹ ኮኑን እንኳን የሚደረድርላቸው ረዳት አላቸው።

አዎ፣ ልጄ ይጫወታል፣ ይጫወታል ከተባለ። ዲቪዥን ሦስት ነው፣ የኮሌጅ ስፖርት ሦስተኛው እርከን፣ እዛ ደግሞ የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም፣ ክፍያው ከኔ ነው፣ ስፕሪንግ ብሬክ ፍሎሪዳ ሄደው ለሚጫወቱትም መዋጮ አለበት። ይሄን ሁሉ ከፍዬ፣ ማርች ላይ በዛ ንፋስ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ያውም ሁለት ጨዋታ በአንድ ቀን፣ ቁጭ ብዬ የማየው ልጄ ቤንች ላይ ሱፍ ሲፈለፍል ነው። ኮቹን ላናግርልህ ስለው "አባዬ በናትህ እንዳታዋርደኝ፣ እዚህ ወላጅ ስለ አሰላለፍ አይጠይቅም" ይለኛል። ከፋዩ እኔ፣ የሚበርደኝ እኔ፣ መጠየቅ የማልችለውም እኔ!