የድልድዩ የክብደት ገደብ ሰሌዳ የት አለ?
የገጠር መንገዳችንን የጨረሱት ከልክ በላይ የሚጭኑ ሹፌሮች ናቸው የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ግን ከባሕር ዳር–ጎንደር አስፋልት ወደ ፎገራ ቀበሌዎች ስትታጠፍ ድልድዩ ስንት ቶን እንደሚችል የሚነግርህ ምን አለ? እኛ ጋ ብረቱ ብቻ ቆሟል፣ ሰሌዳው ከተነቀለ ቆይቷል። እዚህ ውይይት ላይ ሰሌዳ ባይኖርም "ሹፌሩ አይቶ ይገምት" ያልከው ወንድሜ፣ የፎገራ ዋልካ (ጥቁር አፈር) እኮ በበጋ ድንጋይ ነው፣ ጉዱ የሚወጣው ክረምት ሲገባ ነው፣ አሸዋ የጫነ ገልባጭ አንዴ ካለፈበት ጎማው የቀደደው ቦይ ውሃ ይቋጥርና ባጃጅ እንኳ አያሳልፍም፣ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነው የምትወጣው። ለአስፋልትም ቢሆን በአንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን በሚያያይዘው ዘንግ) ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ቅጣቱም ይኑር፣ ግን መጀመሪያ ሰሌዳው ይተከል፣ ያውም ድልድዩ አፍ ላይ ሳይሆን መታጠፊያው ላይ፣ ሹፌሩ ሳይገባ መመለስ በሚችልበት ቦታ።