ፊልሙ እስኪያልቅ ፍርዱ ይቆይ

አብሬያቸው ፊልም ለማየት የምፈራቸው ሰዎች አሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። እንዲያውም አብዛኞቹ የፊልም ፍቅር ያለባቸው ናቸው። ግን ገና መብራቱ ሳይጠፋ ይጀምራሉ። “ይሄ ዳይሬክተር ባለፈውም ጉድ ሰርቶናል።” ፊልሙ ሲጀመር ደግሞ ቀጥታ ስርጭት ነው። “ማይኩ ታየ!” “ከእንቅልፏ ስትነሳ ሊፕስቲክ ተቀብታ?” “ግሉኮሱ እኮ ክንዱ ላይ አልተሰካም።” “መንገዱን ትቶ እሷን እያየ ነው የሚነዳው፤ እንዴት አይጋጭም?”

የሚያናድደው፣ የሚሉት ሁሉ እውነት ነው። የድምፅ መቅረጫው ማይክ ስክሪኑ ላይ ታይቷል። ግሉኮሱም አልተሰካም።

ታዲያ ነቃፊ መሆን የፊልምን ጣዕም ያጠፋል ወይ? አንዱ ወገን “ዝም ብለህ እይ፣ ፊልም እኮ ነው” ይላል። ሌላው “ዝም ብዬ ካየሁማ ምኑን አየሁት?” ይላል። ሁለቱም ወገን አልጣመኝም። እኔ የማምነው፣ ሂስ በራሱ ደስታን አያጠፋም፤ ሰዓቱን ያልጠበቀ ሂስ ግን ያጠፋል። ፍርዱን ከቤቱ ጨርሶ የመጣ ሰው ማስረጃ ሲሰበስብ ያመሻል እንጂ ፊልም አያይም።

እንግሊዛዊው የፊልም ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ እንዲህ ያሉትን ተመልካቾች አብጠርጥሮ ያውቃቸው ነበር። “ሰዎቹ ለምን ፖሊስ ዘንድ አይሄዱም?” እያሉ የሚነዘንዙትን በፌዝ ያነሳቸዋል። መልሱም አጭር ነበር፤ ፖሊስ ዘንድ መሄድ አሰልቺ ስለሆነ ነው። እውነቱን ነው። ፖሊስ ጣቢያ ቢሄዱ ቃል ይሰጣሉ፣ ይፈርማሉ፣ “ነገ ተመለሱ” ይባላሉ። ፊልሙም እዚያው ያልቃል።

ሂችኮክ ግን ጥያቄ የሚጠላ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ተመልካቹ ፊልሙን አይቶ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ፍሪጅ ከፍቶ ቀዝቃዛ ዶሮውን ሲያወጣ ድንገት “ቆይ እንጂ፣ ያ ነገር እንዴት ሊሆን ቻለ?” ስለሚልባቸው ትዕይንቶች ያወራ ነበር። “ቨርቲጎ” በተባለው ፊልሙ ላይ እንዲህ ያለ ትዕይንት አለ። ሴትየዋ ሆቴል ትገባለች፤ ተከታትሏት የመጣው መርማሪ ሲደርስ የለችም። እንዴት እንደወጣች ፊልሙ አይነግረንም። በሱ ሂሳብ ጥያቄው ፍሪጅ ጋ ከመጣ ችግር የለውም። ወንበር ላይ እያለን ከመጣ ግን ፊልሙ ተሸንፏል ማለት ነው።

ስለዚሁ ፊልም ትንሽ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1958 ሲወጣ ተቺዎቹ እንደዛሬው አላጨበጨቡለትም። ታሪኩም ቀዳዳ አለው። ሂችኮክ ራሱ ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለትሩፎ አንዱን ቀዳዳ አውጥቶ ነግሮታል፤ ባልየው ሚስቱን ለመግደል ጠንስሶታል የተባለው ሴራ በሙሉ የተንጠለጠለው መርማሪው ከፍታ ስለሚፈራ የማማውን ደረጃ ወጥቶ አይጨርስም በሚል ግምት ላይ ነው። ቢወጣስ? ሆኖም በ2012 “ሳይት ኤንድ ሳውንድ” የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በየአስር ዓመቱ ተቺዎችን ሰብስቦ በሚያስመርጠው ዝርዝር ላይ ይኸው ፊልም አንደኛ ወጣ። ከ1962 ጀምሮ ቦታውን ይዞ የቆየውን “ሲቲዝን ኬን” የተባለውን ፊልም አስነስቶ ማለት ነው። ቀዳዳው በመሃል አልተደፈነም። ፊልሙም ያው ፊልም ነው። ሰዎቹ ግን ደጋግመው አዩት።

አሁን ወደ ሰፈር እንመለስ። ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው “አክተሩ አይሞትም” የሚለውን ሕግ ያውቃል። የህንዱ አክተር በአንድ ቡጢ ሃያ ሰው ሲያነጥር “ይሄ ከፊዚክስ ጋር ይጋጫል” ያለ አልነበረም። ያ ማለት ግን ተመልካቹ አፉን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር ማለት አይደለም። ኧረ እንደዚያ የሚጮህ ተመልካች የትም የለም! “ከኋላህ ነው!” “አትመናት!” “ሽጉጡን አንሳ እንጂ፣ ደደብ!” ይሄ ሁሉ ትችት ነው። ከባድ ትችት። ልዩነቱ ትችቱ ከታሪኩ ውስጥ ሆኖ የሚወረወር መሆኑ ነው።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ይሄው ነገር ሳሎናችን ገብቷል። የቱርክ ድራማ የሚያዩ እናቶችን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? “አንቺ ቂል፣ ይሄን ሰው ደግሞ ታምኝዋለሽ?” ይላሉ። ክፍሉ ሲያልቅ ደግሞ ቡና ላይ ሙሉ ችሎት ይቀመጣል። ማን አጠፋ፣ አማቷ ምን ነካት፣ ልጅየው አባቱን ይቅር ማለት ነበረበት ወይ። እነዚህ ሴቶች ከማንኛውም የዩቲዩብ ተቺ በላይ ጨካኞች ናቸው። ደስታቸው ግን ቅንጣት አልጎደለም። ምክንያቱም የተቹት ስህተት ቆጣሪ የሚለቅመውን ግድፈት ሳይሆን የሰው ስራ ነው።

ስህተት ቆጣሪው ለምን እንደማይደሰት ሳስብ የሚታወሰኝ አንድ ጥናት አለ። ቲሞቲ ዊልሰን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመው ነው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፖስተር እንዲመርጡና ቤታቸው እንዲወስዱ ፈቀዱላቸው። ከፖስተሮቹ አንዳንዶቹ የሞኔና የቫን ጎግ ሥዕሎች ናቸው። ሌሎቹ የሚያስቁ የእንስሳት ምስሎች። ገሚሶቹ ተማሪዎች ዝም ብለው መረጡ። ሌሎቹ ግን ከመምረጣቸው በፊት ለምን እንደወደዱና እንደጠሉ ምክንያታቸውን እንዲጽፉ ተደረገ። ምክንያት የጻፉት ከሌሎቹ በበለጠ ወደሚያስቁት ፖስተሮች አዘነበሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን በወሰዱት ነገር የነበራቸው ደስታ ዝም ብለው ከመረጡት ያነሰ ነበር።

ለምን? አጥኚዎቹ እንደሚሉት፣ ምክንያት አምጡ ስንባል የምናመጣው በቃል ለመናገር የሚቀለውን ነው። የሚያስቅ ፖስተር ለምን እንደሚያስቅ መናገር ቀላል ነው። የሞኔ ውሃ ለምን እንደሚያፈዝ መናገር ግን ይከብዳል።

ፊልም ላይም እንዲሁ ይመስለኛል። “ማይኩ ታየ” ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። አንዲት እናት የልጇን ሻንጣ ስታስር ምንም ሳትናገር ካሜራው ፊቷ ላይ ስለቆየ ጉሮሮህ ለምን እንደተናነቀ ለማስረዳት ግን ግማሽ ሰዓት አይበቃህም። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚናገረውን እያሰበ የሚያይ ሰው ዓይኑ ቀስ በቀስ ለመናገር ወደሚቀለው ነገር ይለምዳል። ስህተት ደግሞ ለመናገር ከሁሉ ይቀላል። የእናትየዋን ፊት ሳያየው ያልፋል።

ገበያውም ይሄን ልማድ ይመግበዋል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የፊልሞችን “ኃጢአት” በደወል እየቆጠረ የሚያሳይ “ሲኒማሲንስ” የተባለ የዩቲዩብ ቻናል አለ፤ እኔም አንዳንዴ እየሳቅኩ አየዋለሁ። በኛም ቋንቋ ፊልምን በደቂቃዎች የሚተርኩና እግረ መንገዳቸውን የሚያሾፉ ቲክቶከሮች ሞልተዋል። ማሾፉ ባልከፋ። የሚከፋው ፊልሙን ሳያዩ ስድቡን የሸመደዱ ሰዎች መብዛታቸው ነው።

“እንግዲያው ዝርዝር ማየት ሙያ አይደለም ወይ?” የሚል አይጠፋም። ሙያ ነው እንጂ! ኒል ዲግራስ ታይሰን የተባለው የሥነ ፈለክ ምሁር “ታይታኒክ”ን ሲያይ ሰማዩ ስህተት መሆኑን ያዘ። ሮዝ ሳንቃው ላይ ተንጋላ ቀና ብላ የምታየው የኮከብ አቀማመጥ መርከቧ በሰመጠችበት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 15 ቀን 1912 ሌሊት እዚያ ባሕር ላይ የሚታየው አልነበረም። ይባስ ብሎ የሰማዩ ግራ ጎን የቀኙ ግልባጭ ነበር። ሰውዬው ዝም አላለም። በመጨረሻ የፊልሙ ዳይሬክተር ጄምስ ካሜሮን ትክክለኛውን ሰማይ ከሱ ተቀብሎ ፊልሙ በ2012 በሦስት አውታር (በ3ዲ) ዳግም ሲወጣ አስተካከለው።

ይሄን ታሪክ እወደዋለሁ። ሂሱ ጥቃቅን ነው፤ የግትር ሰው ሂስ ነው። ግን ማንንም ከማልቀስ አላስቀረም፣ ፊልሙንም አሻሻለው። የኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ጃክ ሲሰምጥ ያለቀሰው ሁሉ ስለ ኮከቦቹ ቢነገረው ኖሮም ያለቅስ ነበር። (ሳንቃው ለሁለት ይበቃ ነበር የሚለው ክርክር ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ካሜሮን ራሱ በ2023 በሙከራ ሊዘጋው ሞክሮ አልዘጋውም፤ እኔም አልነካውም።)

እስካሁን ነቃፊዎቹን ነው የነካሁት። እውነቱን ለመናገር ግን በኛ አገር ፊልም ላይ ከነሱ የባሰ ጉዳት ያደረሱት “ዝም ብለህ እይ” ባዮቹ ናቸው።

ሀብታሙ ልጅ ድሃ መስሎ ይቀርባታል። ትወደዋለች። ውሸቱ ይጋለጣል። ትለየዋለች። ጓደኛው ያስታርቃቸዋል። ቤቱ ያው የምናውቀው ቪላ ነው፤ ሶፋውን ራሱ ሌላ ፊልም ላይ ተቀምጠውበት አይተነዋል። ሙዚቃው ከንግግሩ በላይ ይጮሃል። መሃል ላይ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ሀዋሳ ይኬድና ሐይቅ ዳር ዘፈን ይገባል። ይሄን ሁሉ ሰው አይቶ ሲወጣ ምን ይላል? “ባለው አቅም ይሄን መስራቱ ራሱ…”። ሌላ የሚናገር ከተገኘ ምቀኛ ይባላል። “አንተ ሰርተህ አሳየና!” ይባላል።

ለአንድ ፊልም ይሄ ደግነት ነው። በዓመታት ውስጥ ግን ተመልካቹን ጣለው። አምባሳደር ሲኒማ በር ላይ ለአማርኛ ፊልም የተሰለፈ ሰው ሰልፉን የተወው ተቺ ስላስኮረፈው አይደለም። መጨረሻውን በመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ማወቅ ስለሰለቸው ነው። ነቃፊ ያጣ ታሪክ ራሱን ይደግማል፤ የተደገመ ታሪክ ደግሞ እንኳን ነቃፊን ጨዋ ተመልካችንም ያሰለቻል።

ስለዚህ ነቀፋ ይኑር፤ ግን ቦታውን ይወቅ። ማይክ መታየቱ የአንድ ቀን ግድፈት ነው። ሴቷ ገጸ ባህሪ ከማፍቀርና ከማልቀስ ሌላ ስራ የሌላት መሆኗ ግን የደራሲው ምርጫ ነው። እኛ የምንጮኸው በመጀመሪያው ላይ ነው። ሁለተኛውን እናልፈዋለን።

ይሄ ነገር ለባህላችንም እንግዳ አይደለም። ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርማል፤ ርኅራኄ የለም። ግን ቅኔውን ሰምቶ ነው የሚያርመው። ወርቁ የት እንደተቀበረ ሳይታወቅ ሰሙን መንቀፍ አይቻልማ። ጥሩ ከሆነ ደግሞ “ይበል!” የሚለው ያው የሚያርመው አፍ ነው። እርማት የማያውቅ “ይበል” ማንንም አያኮራም።

የኃይሌ ገሪማን “ጤዛ” ያየ ሰው ይሄ ይገባዋል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ የአፍሪካ ፊልም ትልቅ መድረክ በሆነው በፌስፓኮ ዋናውን ሽልማት ወስዷል። ጀርመን የተማረው አንበርብር ወደ ገጠር መንደሩ ይመለሳል፤ ታሪኩ ከልጅነቱ፣ ከጀርመን፣ ከደርግ ዘመን አዲስ አበባ እየተመላለሰ ይፈሳል። “ይሄ ደግሞ የመቼው ነው?” እያለ በየአምስት ደቂቃው የሚከስ ሰው ግማሹ ላይ ይወጣል። የአንበርብር የተበጣጠሰ ትውስታ መሆኑን ታግሶ የደረሰበት ሰው ግን ሲጨርስ ጥያቄው ማለቂያ የለውም። አልወደድኩትም ቢል እንኳ የሚከራከርበት ነገር ይዞ ነው የሚወጣው።

የሚቸገሩት በሙያው ውስጥ ያሉት ናቸው። ድምፅ የሚያስተካክል ሰው ድምፁን አለመስማት አይችልም፤ ኤዲተርም ቆረጣውን ያያል። እነሱን “ዝም በል” ማለት ግፍ ነው። በአጎራባች ወንበር ላለው ሰው ባይተነትኑለት ግን ደግ ነበር።

አንድ ነገር ለሲኒማ ቤቶችና ለፊልም ሰሪዎች ልጠይቅ። የፊልም ምረቃ ላይ ቀይ ምንጣፍ አለ፣ ፎቶ አለ፣ በር ላይ ማይክ ይዞ “ፊልሙን እንዴት አገኘኸው?” የሚል ጋዜጠኛ አለ። መልሱ አንድ ነው፤ “በጣም ቆንጆ ስራ ነው፣ ሊበረታቱ ይገባል”። ዳይሬክተሩ አጠገብህ ቆሞ ሌላ ምን ትላለህ? ምረቃው እንዳለ ይሁን። በሁለተኛው ሳምንት ግን አዳራሹ ጭር በሚልበት በአንዱ የሥራ ቀን ፊልሙ ካለቀ በኋላ መብራቱ ይብራ፤ ዳይሬክተሩና ደራሲው ወንበር ስበው ከፊት ይቀመጡ፤ ትኬት ቆርጦ የገባው ሰው ግማሽ ሰዓት ይናገር። ወጪው የመብራት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄም ከዳይሬክተሩ ወደ ተመልካቹ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ “የትኛው ቦታ ላይ ስልካችሁን አወጣችሁ?” የማይኩን ነገር ሁሉም ስላየው መጨረሻ ላይ ይነሳ።