ቅጠል ስለሆነ ልብ አይነካም?

እሁድ ዕለት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ቡና ላይ ተቀምጠን የተነሳ ክርክር ነው። አንዱ ወዳጃችን ኡበር ይነዳል፣ ሃምሳን አልፏል፣ ደም ብዛት ስላለበት ኪኒን ይውጣል። ሌሊት ሠርቶ ሲገባ እንቅልፍ እምቢ ስለሚለው በየቀኑ ካናቢስ (ማሪዋና) እንደሚያጨስ ሳይደብቅ ነገረን።

«ሕጋዊ ነው እኮ» አለ። «ሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ ፈቅዳለች። ቢጎዳ ሱቅ ከፍተው ይሸጡት ነበር?»

ነርሷ ጓደኛችን አላስጨረሰችውም። «ሲጋራስ ሱቅ አይሸጥም እንዴ?»

«ሲጋራ ሌላ፤ ይሄ ቅጠል ነው።»

«ትምባሆም ቅጠል ነው ወንድሜ።»

በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ደግሞ «ጫትስ ቅጠል አይደል? ልብ ሲያስመታ አይተናል» አሉ።

ነርሷ ቀጠለች። ካናቢስ ሲጨስ ውስጡ ያለው፣ ቲኤችሲ የሚባለው ንጥረ ነገር በደቂቃዎች ውስጥ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ልብ የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ደም የሚሸከመውን ኦክስጅን ይቀንሳል። ሥራ ተጨምሮበት ቀለብ እንደተቀነሰበት ሠራተኛ ማለት ነው። በ2024 የወጣ፣ 434,000 ያህል አሜሪካውያንን ያየ ጥናትም ጠቀሰችለት፦ በየቀኑ የሚጠቀሙት ከማይጠቀሙት ይልቅ ሃርት አታክ የማጋጠም ዕድላቸው በ25 ከመቶ፣ ስትሮክ ደግሞ በ42 ከመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሲጋራ አጭሰው በማያውቁትም ላይ ነገሩ ታይቷል።

«እነሱ ሰው ጠይቀው ነው የጻፉት» አለ ሹፌሩ። «የሚያጨሰው ሰው ቀድሞም ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት ይኖርበት ይሆናል።»

ይሄን ለመናገሩ ወደድኩት፤ ትክክል ነው። እሷም አልካደችም። ጥናቱ ግንኙነቱን እንጂ መንስኤውን አላረጋገጠም አለች።

«ታዲያ ካናቢስ ያለበትን ከረሜላ ይብላ» አለ ሌላው። ከጭሱ ይድናል፣ ቲኤችሲው ግን ያው ነው። የሚበላው ደግሞ እስኪሠራ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ሰዉ «አልያዘኝም» እያለ ይደግምና ይበዛበታል።

ከዚያ ነርሷ «ለሐኪምህ ነግረሃል?» ስትለው ዝም አለ። ቆይቶ «ሐኪሙ ጋ የምታስተረጉምልኝ ያገራችን ልጅ ናት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን። እንዴት ብዬ?» አለ።

እኔ ከክርክሩ ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው። ቅጠል ነው አይደለም፣ ሕጋዊ ነው አይደለም የሚለው ልቡን አይረዳውም፤ ሐኪሙ ግን በየቀኑ የሚያጨሰውን ሳያውቅ ግፊቱ ለምን እንዳልወረደ ሊገምት፣ ኪኒኑንም በዚያ ግምት ሊጨምርለት ይችላል። ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ይበልጥ መናገር አለባቸው፣ ካናቢስ መድኃኒቱን አጠንክሮ መድማት ሊያመጣ ይችላልና። አስተርጓሚዋ የሰማችውን ለማንም አታወራም፣ የሙያዋ ግዴታ ነው፤ እሱ ግን ከፈራ የማያውቀው ሰው በስልክ እንዲያስተረጉምለት መጠየቅ ይችላል። ወዳጃችን ጥፋተኛ አይደለም፣ እንቅልፍ አጥቶ ነው እዚህ የደረሰው፤ ያንንም ሐኪሙ መስማት አለበት።

ቀጠሮው ሐሙስ ነው። አብሬው እሄዳለሁ ብያለሁ፣ እሱም እሺ ብሏል።