ኖርዝ ቤሪክን የሚገድላት ፓርኪንግ አይደለም

ኖርዝ ቤሪክ ልትሞት ነው ተባለ። ማዕበል መጥቶባት አይደለም። መኪና ለማቆም ክፈሉ ስለተባለ ነው። የኢስት ሎዝያን ምክር ቤት በዚህች የስኮትላንድ የባሕር ዳር ከተማ መሀል ፓርኪንግ ለማስከፈል ከተነሳ ወዲህ ያዙኝ ልቀቁኝ የሚለው በዝቷል። ደንበኛ ይሸሻል፣ ሃይ ስትሪት የሚባለው ዋናው የገበያ መንገድ ይዘጋል፣ ሱቁ ኦና ይሆናል ነው ስሞታው። የእኛም ሰው ይህንኑ ተቀብሎ ያስተጋባል። ሰሞኑን አንድ የኤድንብራ ወዳጄ «ነፋስ ለመቀበል ደግሞ ልክፈል? ከእንግዲህ እዚያች ከተማ እግሬ አይረግጥም» አለኝ። ድሮስ መቼ እግሩ ረግጧት ያውቃል? የረገጣት ጎማው ነው።

እስቲ «ሰው ይቀራል» የሚለውን እንየው። ማን ነው የሚቀረው? ቅዳሜ ፀሐይ ስትወጣ ከኤድንብራ ተነስቶ፣ ወደቡ ዳር ለሎብስተርና ለቺፕስ ተሰልፎ፣ ሒሳቡን ሳያንገራግር ከፍሎ፣ በላዩ አይስክሬም የሚደርብ ሰው፣ ለመኪናው ጥቂት ፓውንድ ሲባል ነው «በቃኝ፣ ቤቴ ልግባ» የሚለው? እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ካለም ችግሩ ፓርኪንግ አይደለም፤ ንፍገት ነው። ሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ በ2024 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ይህችን ከተማ በብሪታንያ ለመኖር ከሁሉ የተሻለች ቦታ ብሎ መርጧታል። ይህን ያህል የተወደደች ከተማ በሳንቲም ትሞታለች ብሎ መርዶ መንገር ትንሽ ያሳፍራል።

«ድሃው ተጎዳ» የሚለው ደግሞ ይብሳል። በስኮትላንድ ከ22 ዓመት በታች ያለ ወጣትና 60 ዓመት የሞላው ሰው ካርዱን አሳይቶ አውቶቡስ በነፃ ይሳፈራል። የስኮትላንዱ የባቡር ድርጅት ስኮትሬይል ሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ ይጨምር የነበረውን የባቡር ዋጋ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ አንስቶታል። የእውነት የቸገረው ሰው ብዙውን ጊዜ ድሮም መኪና የለውም፤ የሚመጣው በአውቶቡስ ነው። በስሙ የሚያለቅሰው ግን ባለ ትልቁ መኪና ነው።

ሁሉም የረሳው ነገር አለ። ኖርዝ ቤሪክን መዝናኛ ያደረጋት ባቡር እንጂ መኪና አይደለም። መስመሩ የተከፈተው በ1850 ነው። ከዚያ ወዲህ ነው የኤድንብራ ሰው ለበጋ መጉረፍ የጀመረው፣ ሆቴሉና ቪላው የተደረደረው። ከተማዋ የተሠራችው ከባቡር ወርዶ በእግሩ ለሚሄድ እንግዳ ነው። ዛሬም ከኤድንብራ ዌቨርሊ ጣቢያ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። መስመሩ የሚያበቃው እዚያው ስለሆነ ተኝተህ ብትደርስ እንኳ አታልፋትም። ከጣቢያው እስከ ባሕሩ ያለው መንገድ ደግሞ ቡና ይዘህ ብትሄድ ቡናው ሳይበርድ ያልቃል።

ሃይ ስትሪት ጠባብ ናት። መኪና የሚባል ነገር ባልታሰበበት ዘመን የወጣች መንገድ ናት። አንድ የዕቃ ማድረሻ ቫን ቆሞ ሲያራግፍ ከኋላው ሰልፉ ይረዝማል። የልጅ ጋሪ የምትገፋ እናት ከእግረኛው መንገድ ወርዳ በመኪኖቹ መሀል ትሹለከለካለች። ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ ባዶ ቦታ ያድናል። ዳቦ ቤቱን አያይ፣ የመጽሐፍ መደብሩን አያይ። የሚያየው የቆመ መኪና መብራት ሲበራ ብቻ ነው። ሊወጣ ነው ብሎ ይጠብቃል፤ ሰውየው ግን ቻርጀር ሊፈልግ ነው የገባው። እንደገና ይዞራል። ይሄ ነው እንግዲህ ከተማዋን በሕይወት ያቆያታል የተባለው ደንበኛ!

በእግሩ የመጣውን ደግሞ ተከተሉት። ወደቡ ጋ ሲደርስ የጥንቱ የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ይጠብቀዋል። ከግንቡ ላይ ቆሞ የቀረው ነጭ ቀለም የተቀባ ትንሽ መግቢያ ነው። በመካከለኛው ዘመን ወደ ሴንት አንድሩስ የሚሄዱ ተሳላሚዎች ከዚህ በጀልባ ተሳፍረው ከባሕሩ ማዶ ወዳለው የፋይፍ አውራጃ ይሻገሩ ነበር። በ1590 ደግሞ ሌላ ጉድ ተሰማ። የንጉሥ ጄምስ 6ኛን መርከብ በማዕበል ለማስመጥ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስባችሁ አስማት ሠርታችኋል ተብለው ብዙ ሰዎች ተለቀሙ። አዋላጇና መድኃኒት አዋቂዋ አግነስ ሳምፕሰን ከነሱ አንዷ ነበረች። አሠቃዩዋት፣ አመነች፣ በ1591 ገደሏት። ዛሬ በአጠገቡ ሰው አይስክሬሙን እየላሰ ያልፋል።

እዚያው አካባቢ የድንጋይ መስቀል ቆሟል። ካትሪን ዋትሰን የምትባል የግላስጎው ልጅ መታሰቢያ ነው። 19 ዓመቷ ነበር። በጁላይ 1889 በምሥራቁ ዳርቻ ውሃ የሚበላውን ልጅ ልታድን ገባች። ልጁ ተረፈ፤ እሷ ቀረች። ጽሑፉን ለማንበብ ጠጋ ማለት፣ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከመኪና መስኮት አይነበብም። እኔ ይህችን ከተማ በእግር ካልሆነ አላያችኋትም የምለው ለዚህ ነው።

ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ ባስ ሮክ የሚባል የቋጥኝ ደሴት አለ። ከሩቅ ለሚያየው አናቱ ላይ አመዳይ የጣለበት ይመስላል። ወፍና የወፍ ኩስ ነው። ጋኔት የሚባለው የባሕር ወፍ በዓለም ላይ እጅግ በዝቶ ተሰብስቦ ከሚፈለፍልባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ቋጥኝ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ዓሣ ሲያይ ክንፉን ወደ ኋላ አጥፎ በአፍጢሙ ባሕሩ ውስጥ ይወረወራል። በ2014 ሲቆጠሩ ከ75 ሺህ ጥንድ በላይ ነበሩ። በ2022 የወፍ ጉንፋን ገባባቸው፤ በ2023 በተደረገው ቆጠራ ወደ 52 ሺህ ወርደው ተገኙ። ሞት ማለትስ ይሄ ነው። ወደቡ ላይ በ2000 የተከፈተው የባሕር ወፎች ማዕከል፣ ሲበርድ ሴንተር፣ ውስጥ ገብቶ ካሜራውን እያዞሩ ቋጥኙን በቅርብ ማየት ይቻላል። ልጅ ይዞ የገባ ሰው ቶሎ አይወጣም።

በምዕራብ በኩል በ1832 የተመሠረተው የጎልፍ ክለብ አለ። ጎልፍ ስለማይገባኝ አልፈዋለሁ። ከሰዓት በኋላ የሚወጣው ኖርዝ ቤሪክ ሎው የሚባለው ኮረብታ ነው። ቁመቱ 187 ሜትር ብቻ ነው፤ እንጦጦን ለወጣ ሰው ማሟሟቂያ አይሆንም። ግን ዙሪያው ሜዳ ስለሆነ ከላይ ሆኖ ባሕሩም፣ ባስ ሮክም፣ ማዶ ያለው ፋይፍም ወለል ብሎ ይታያል። ቀኑ ደግ ከሆነ ነው ታዲያ። «ሃር» የሚሉት የባሕር ጉም ከመጣ ኤድንብራ ፀሐይ እየሞቀች እዚህ እጅህን አታይም። ጫፉ ላይ የዓሣ ነባሪ መንጋጋ ቅስት ተተክሏል። እውነተኛው አጥንት በስብሶ በ2005 ወረደ፤ የአሁኑ በ2008 የቆመ የፋይበርግላስ ቅጂ ነው። ፕላስቲክ ነው እያሉ የሚያፌዙ አሉ። ለቅስት ሲባል ሌላ ነባሪ ከመግደል ይሻላል።

ይህን ሁሉ ሲዞር የዋለ ሰው ይርበዋል። የራበው ሰው ይገዛል። ጠዋት ቡና፣ ቀትር ላይ ምሳ፣ ከተራራው ሲወርድ ኬክ፣ ባቡሩ እስኪመጣ አንድ ቢራ። ጃኬት ረስቶ መጥቶ የምሥራቅ ነፋስ ሲነሳበት ሹራብም ይገዛል። ባለመኪናው ግን ሳንድዊቹን ከቤቱ ጠቅልሎ፣ ቴርሞሱን ይዞ፣ ባሕሩን በመስታወት እያየ በልቶ ይመለሳል። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም፤ እንዲህ የሚያደርገው ግን ጥቂት አይደለም። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ እሑድ ከሰዓት የባሕር ዳሩን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ ይበቃል።

አንድ ነገር ልስጥ። ሰማያዊ ካርድ የያዘ አካል ጉዳተኛ ቦታው ይጠበቅለት። ምግብ ቤት አምሽቶ የሚወጣ ሠራተኛም መላ ይፈለግለት። ከዚህ ወዲያ አልደራደርም።

የኖርዝ ቤሪክ ሰዎች ምን እንደተሰጣቸው ማወቅ ከፈለጉ ወደ ማዶ ይሻገሩ። ፋይፍ ውስጥ አንስትራዘር የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። ወደቡ ላይ የስኮትላንድ የዓሣ ማጥመድ ሙዚየም አለ፤ ለፊሽ ኤንድ ቺፕሷ ሰው ከሩቅ ይመጣላታል፤ ወደ ሜይ ደሴት ፓፊን ለማየት የሚወስድ ጀልባም አላት። ባቡር ግን የላትም፤ በ1965 ተዘጋባት። በ2024 ባቡሩ እስከ ሌቨን ሲመለስ ፋይፍ በደስታ ፈነጠዘ፤ ከሌቨን ወዲያ ያለችው አንስትራዘር ግን ዛሬም አውቶቡስ ትጠብቃለች። ኖርዝ ቤሪክ ደግሞ ያ ሁሉ መስመር ሲነቀል የተረፈላትን ሐዲድ ይዛ መኪና ማቆሚያ አነሰኝ ትላለች።

ቁጣው ወዴት መሄድ እንዳለበት ልንገራችሁ። ወደ ኖርዝ ቤሪክ የሚሄደው ባቡር አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት አንድ ነው። ፀሐይ በወጣ ቅዳሜ ጋሪው፣ ውሻው፣ ብስክሌቱ፣ የጎልፍ ቦርሳው ሁሉ አንድ ላይ ይታጨቃል፤ ቦታ ያጣ ቆሞ ይሄዳል። ይህን ሳያነሱ ስለ ፓርኪንግ ሰልፍ መውጣት ቀልድ ነው። ፊርማ ማሰባሰብ ያማረው ነጋዴ በበጋ ቅዳሜና እሑድ በየግማሽ ሰዓቱ ባቡር እንዲመደብ፣ ፉርጎም እንዲጨመር ያሰባስብ። የፓርኪንጉ ገቢም ለአውቶቡስ ይዋል ብሎ ምክር ቤቱን ይወጥር። ያን ወረቀት ይዞ የመጣ ቀን እፈርማለሁ።