«ውሃ መብራት የማይጠፋበት፣ ለታክሲ ምቹ» የሚባለው ሰፈር የት ነው?

ኧረ ወገን፣ የዚህ የቤት ኪራይ ነገር መላ ይፈለግለት! መሃል አዲስ አበባ ቤት የሚፈልግ ሰው ሥራ ከሚፈልግ ሰው በላይ ይመረመራል። ባለትዳር ነህ? ልጅ አለህ? ስንት ናችሁ? እንግዳ ይበዛባችኋል? ማታ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው? የየት አገር ሰው ነህ? ላጤ ከሆንክ ሰው ታበዛለህ፣ ባለትዳር ከሆንክ ልጁ ግድግዳ ይሞነጫጭራል፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ከሆነች ደግሞ ጥያቄው ማለቂያ የለውም። ይሁን፣ ቤቱ የሰው ነው፣ ይጠይቁ። ተከራዩ በተራው «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው?» ሲል ግን «ይሄ ነገረኛ ነው» ይባልና ቤቱ ማታውኑ ለሌላ ይሰጣል። የሚያንገበግበው ይሄ ነው። ብሩ ከእጅ ከወጣ በኋላ መልስ የሚሰጥ የለም፣ ብሩ ሳይወጣ ደግሞ መጠየቅ ነውር ሆኗል።

ደላላው «ወንድሜ፣ ሰፈሩ አሪፍ ነው» ሲል የሚያሻሽጠው ስም ነው። ካዛንቺስ፣ አራት ኪሎ፣ ቦሌ። «ቦሌ ነው» ተብሎ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ከመሃል ከተማ ራቅ ብሎ ቡልቡላ ላይ ሲወርድ ይገባዋል። የስሙ ነገር ቢቀር እንኳ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ሰፈር የሚባል ነገር የለም። የሆነ ጠባብ መንገድ በስተቀኝ ያለው ግቢ ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን ያገኛል፣ በስተግራ ያለው አንድ ሌሊት። መስመራቸው ስለሚለያይ ነው። ስለዚህ «ልደታ ጥሩ ነው ወይስ ቀበና?» እያላችሁ የምትጠይቁ ሰዎች፣ ጥያቄው እዚያ ላይ አይደለም። የትኛው ግቢ፣ የትኛው ፎቅ፣ የትኛው ቆጣሪ ነው መባል ያለበት።

ውሃውን እንይ። ከተማዋ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አቃቂ ቁልቁል የተዘረጋች ናት። ውሃው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል፤ ለሁሉም ስለማይበቃ በፈረቃ ይለቀቃል። በፈረቃ ሲለቀቅ ዝቅ ያለው ቦታና ምድር ቤቱ ቀድሞ ይቀዳል፣ ከፍ ያለው ቦታና አራተኛ ፎቅ ግፊቱ ሳይደርሳቸው ፈረቃው ያልፋል። ለዚህ ነው «ሕንፃው ውሃ አለው» የሚለው ቃል ምንም የማያረጋግጠው። ሕንፃው አለው፣ አራተኛ ፎቅ ግን የለውም። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ታንከር ቢኖርም ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ነው። ፓምፑ በመብራት ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ውሃውም አብሮ ይጠፋል፣ ፓምፑ ሲቃጠል ደግሞ ነዋሪው ተሰብስቦ ብር እስኪያዋጣ ይቆያል፤ ምድር ላይ ያለው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ አያዋጣም።

እስቲ በቁጥር አስቡት። አራት ሰው በቀን በነፍስ ወከፍ 40 ሊትር ቢጠቀም፣ ያውም በቁጠባ፣ 160 ሊትር ነው። ስምንት ጀሪካን ማለት ነው። ውሃ ለሦስት ቀን ከጠፋ 24 ጀሪካን ያስፈልጋል፤ አንዱ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ ጂ ፕላስ 4 ደግሞ ሊፍት የለውም። 200 ሊትር በርሜል አንድ ቀን ከሩብ እንኳ በቅጡ አያዘልቅም። የሚበጀው 500 ሊትር ሮቶ ነው፣ እሱ ግን ሲሞላ ግማሽ ቶን ይመዝናል። ጫፉ በአየር ላይ የተንጠለጠለ በረንዳ ላይ አስቀምጣችሁ አትተኙ፣ ወደ ውስጥ፣ ግድግዳ ወይም ቋሚ ኮለን ሥር አስጠጉት። ግቢ ውስጥ ሮቶ ካለ ደግሞ ዓይታችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ቧንቧው ወደ ሰርቪስ ቤቱ ተዘርግቷል ወይስ ትልቁ ቤት ብቻ ነው የሚጠቀመው ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ችግር የለም፣ ከውጭው ቧንቧ ትቀዳላችሁ» ነው። የውጭው ቧንቧ በፈረቃ የሚመጣው ነው እኮ!

እውነቱን የሚነግራችሁ አከራይም ደላላም አይደለም። የሕንፃው ጥበቃ፣ ልብስ የምታጥበዋ ሴትዮና ኮሪደሩ ላይ የተደረደረው ጀሪካን ናቸው። ደረጃው ላይ በየበሩ አምስት ስድስት ቢጫ ጀሪካን ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም። ያለውን ተከራይ ብቻውን አግኝታችሁ «ውሃ የመጣው መቼ ነው?» በሉት። «ይመጣል ወይ?» ካላችሁት «ይመጣል» ነው የሚላችሁ።

ወደ መብራቱ ስንመጣ፣ የአከራዮች ሁሉ መፈክር «ምጣድ አይቻልም» ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ፣ እንጀራ በሚበላበት አገር! ምክንያቱን ስትጠይቁ «መብራት ይበላል» ይሏችኋል። ግማሹ እውነት ነው። ምጣድ እስከ 3 ኪሎዋት ተኩል ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው። ሰርቪስ ቤቱ የተሠራው ለአንድ አምፖልና ለአንድ ቴሌቪዥን ታስቦ ስለሆነ የተዘረጋው ሽቦ ብዙ ጊዜ 1.5 ሚሊ ነው። በዚያ ላይ ምጣድ ሲሰካ ሽቦው ይሞቃል፣ መጀመሪያ የሚቃጠለውም መጋጠሚያው ወይም ሶኬቱ ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸታችሁ ጊዜው አልፏል። መፍትሔው ከቆጣሪው ለብቻው የተሳበ 4 ሚሊ መስመርና የራሱ ብሬከር ነው። ኤሌክትሪሺያን አንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሰው ሥራ ነው። አከራዩ ግን ይህን ከማስገባት ይልቅ ለዓመታት «አይቻልም» ማለት ይመርጣል፣ ተከራዩም በር ዘግቶ በድብቅ ይጋግራል፣ ከዚያ ቤቱ ይነዳል።

ከዚህ የባሰው የጋራ ቆጣሪ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ የመጨረሻው ከ500 በላይ፣ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ምጣድ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢበራ ብቻውን በወር 56 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ ሦስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ድምሩ ራቅ ያለ እርከን ላይ ይወጣል፣ ለየብቻቸው ቢሆኑ በርካሽ የሚያገኙትን በውድ ይገዙታል። ክፍፍሉ ደግሞ «በሰው ቁጥር» ይባላል፤ ፍሪጅ የሌለው ላጤ የትልቁን ቤት ሁለት ፍሪጅ እየከፈለ ያድራል። ቢያንስ ለየክፍሉ የምታነብ ትንሽ ቆጣሪ ትኑር በሉ። ካልሆነም ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ደረሰኝ ጠይቁ፤ ውዝፍ ያለበት ቆጣሪ ሲቆረጥ ጨለማው የሚመጣው እናንተ ላይ ነው። ቆጣሪው ቅድመ ክፍያ ከሆነ የሚሞላበት ካርድ ማን እጅ ነው? ባለቤቱ ክፍለ ሀገር ሄደው ካርዱን ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውት ቢሄዱስ?

ቤት በጥር አይታይም። ቢታይም እንደ ሐምሌ አስባችሁ እዩት። አዲስ ቀለም የተቀባ ጭቃ ቤት ሲያዩት ያምራል፤ ከወለሉ ከፍ ብሎ ቀለሙ ያበጠበት ወይም የተላጠበት መስመር ካለ ግን ውሃ ከሥር እየሳበ ነው ማለት ነው። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለ ቆርቆሮው ያፈሳል። ቁምሳጥኑን ገፋ አድርጋችሁ ከኋላው አሽትቱ። በቀበና፣ በግንፍሌና በባንትይቀጡ ወንዞች ዳር ያሉ ቤቶች ኪራያቸው ረከስ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉም የመጸዳጃው ፍሳሽም በአንድ በር ነው የሚገባው። ከዚህ ሌላ ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ ተመልሳችሁ ሂዱ፤ ከጎን ያለው ቤት ቀን ምግብ ቤት፣ ማታ ጭፈራ ቤት ሊሆን ይችላል። ታክሲውንም ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ እዩት፣ ጠዋት በአምስት ሰዓት ባዶ ሚኒባስ ያልሞላበት ሰፈር የለም።

አሁን ወደ ሕጉ። ሕግ የለም እንዳትሉ፣ አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በሕጋዊ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን ይላል። ቤቱ ቢሸጥ እንኳ አዲሱ ባለቤት ተከራዩን የሚያስወጣው የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነው። ሲያነቡት አንጀት ያርሳል። ላም አለኝ በሰማይ!

ደላላው ምን ይላል? «የስድስት ወር የሚከፍል ሰው ተዘጋጅቷል፣ ካልቻልክ ንገረኝ።» አከራዩስ? «ውሉ ላይ 8 ሺህ እንጽፋለን፣ አንተ 15 ሺህ ትሰጠኛለህ።» ግብሩ እንዳይበዛ ነው። ተከራዩ ቤት ስላጣ ይስማማል። በዚህ ጊዜ ምን እንደፈረመ ግን ልብ በሉ። በእጅ የሰጠው 7 ሺህ ማስረጃ የለውም። ስድስት ወር ቅድሚያ ከፍሎ በሁለተኛው ወር ውጣ ቢባል በወረቀት የሚታየው የ8 ሺህ ሂሳብ ብቻ ነው። ከተቻለ ሙሉውን በባንክ አስገቡ፣ ምክንያቱ ላይ የቤቱን ቁጥርና የወሩን ስም ጻፉ። «በባንክ አልቀበልም» የሚል አከራይ ስለሚመጣው ጊዜ እየነገራችሁ ነው። ብር ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ካርታውን ከመታወቂያው ጋር አስተያዩ። «ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፣ ውክልና አለኝ» ካለ ውክልናው ውስጥ ማከራየትና ኪራይ መቀበል የሚል ቃል መኖሩን አንብቡ፤ ጉዳይ ለማስፈጸም ብቻ የተሰጠ ውክልና ይዞ የሚያከራይ ሞልቷል። በቴሌግራም ፎቶ ዓይቶ ቀብድ የሚልክ ሰው ካለ ደግሞ እባካችሁ ስልኩን ቀሙት።

መሃል ከተማ ላይ ሌላም ጣጣ አለ፣ የቀበሌ ቤት። በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱት ቤቶች እስካሁን በጥቂት ብር የሚከራዩ አሉ፣ የተመዘገበው ሰው ደግሞ አንዷን ክፍል ከፍሎ በገበያ ዋጋ ያከራያል። ሰፈሩ ማዕከል፣ ዋጋው ደህና፣ ደስ ይላል። ፈረሳ ሲመጣ ግን ምትክ የሚታየው በመዝገቡ ላይ ላለው ሰው ነው። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርሱ የሚከራየው የቀበሌ ቤት የነበረ ነዋሪ ገላን ጉራም ይሁን ሌላ ቦታ ተመደበለት፤ ከእሱ የተከራየው ግን ፍራሹን ጠቅልሎ እንደገና ደላላ ፍለጋ ሄደ። ስለዚህ ቤቱ የግል ነው፣ የቀበሌ ነው፣ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ነው የሚለውን ጥያቄ አትለፉት። አጥሩ ወይም በሩ ላይ በቀለም የተጻፈ ቁጥርና ምልክት ካለ ጎረቤት ጠይቁ፤ አከራዩ «የድሮ ነው» ይላችኋል።

ቤቱ ተገኘ እንበል። አይሱዙ ተከራይታችሁ ዕቃ ጭናችሁ በሩ ላይ ስትደርሱ ከየት መጣ የማይባል አሥራ አምስት ወጣት ይከባችኋል። ጫኝና አውራጅ። «እኛ ነን የምናወርደው።» ራሳችሁ ብታወርዱስ? «አይቻልም፣ የሰፈሩ ልጆች ነን።» አንድ አልጋ፣ አንድ ቁምሳጥን፣ አንድ ፍሪጅና ጥቂት ካርቶን ለማውረድ የሚጠሩት ዋጋ አይሱዙው ከተማውን አቋርጦ ከመጣበት ይበልጣል። ሹፌሩ ይቸኩላል፣ ዝናቡ ይመጣል፣ እነሱ ግን ጊዜ አላቸው። ሠርቶ መብላት የሚከለክላቸው የለም፤ ሰው የራሱን ፍራሽ እንዳይሸከም መከልከል ግን ምን የሚሉት ሥራ ነው? የሚያዋጣው ዕቃው ሳይመጣ ከአንድ ቀን በፊት ሄዶ ኃላፊያቸውን ማግኘት፣ የዕቃውን ዝርዝር በወረቀት ማሳየት፣ ፎቁ ስንተኛ እንደሆነ መንገርና በአከራዩ ወይም በጥበቃው ፊት ዋጋ መቁረጥ ነው። መኪናው በር ላይ ቆሞ የሚደረግ ድርድር ተሸንፎ የሚገባበት ነው። ትናንሽ ዕቃውን ቀደም ብላችሁ በላዳ በሁለት ዙር አስገቡት፣ የሚቆጠረው ዕቃ ይቀንሳል። ከአይሱዙው ሹፌር ጋርም ስትዋዋሉ «መጫኑን ነው ወይስ ማውረዱንም?» የሚለው ይለይ።

ገብታችሁ ስታበቁ ደግሞ የወረዳው ጉዳይ ይቀጥላል። ከነበራችሁበት ወረዳ መሸኛ ይዛችሁ በአዲሱ ወረዳ ለመመዝገብ የቤት ቁጥር ያስፈልጋል፣ የቤት ቁጥሩ የአከራዩ ነው፣ አከራዩ ደግሞ «በቤቴ ላይ ሰው አላስመዘግብም፣ ነገ የእኔ ነው ብትልስ?» ይላል። ያለዚያ የነዋሪነት መታወቂያ የለም፣ ያለ መታወቂያ ወረዳው ለምንም ጉዳይ አያስተናግድም። በስድስተኛው ወር አይደለም፣ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት «በዚህ ቤት ቁጥር መመዝገብ ይፈቀድልኛል?» በሉና መልሱን ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አድርጋችሁ አስገቡት። አከራይዋ እትዬ «ውል ላይ ምን አስገባው፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ» ካሉ መሸኛውን ገና አታውጡ፤ ከአሮጌው ወረዳ መዝገብ ከተሰረዛችሁ በኋላ አዲሱ ካልተቀበላችሁ የየትኛውም ወረዳ ነዋሪ አይደላችሁም።